ሸማ እስከተሠራበት ድረስ

ሽሮ ሜዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለሊድያ አጥናፉ
ጎተንበርግ፣ ስዊድን

የጌታ ሰላምና ጸጋ በያለሽበት ይከተልሽ። እኛ ስሙ ይመስገን አለን። ቤቱም አለ፣ ዳገቱም አለ፣ ጎረቤቱም እንደ ድሮው ይሰማል።

“በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምንድን ነው፣ አትደውልም?” እንደምትዪ አውቃለሁ። ደውዬ ነበር እኮ፤ ሦስት ጊዜ። ዋናው ነገር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሻል። እኔ ደግሞ ሲቆራረጥ እጮሃለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን። ልጄ ሲና ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ወረቀት አይቆራረጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሚቴን ሳሉ በርትቶባታል። ክረምቱን ሙሉ “ብርድ ነው” ስትል ከርማ፣ መስከረም ላይ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን ለመውጣት አምስት ጊዜ ተቀመጠች። ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ደረቷን ፎቶ አስነስታ፣ “ባለቤትሽ ምንድን ነው ሥራው?” አለቻት። ሸማኔ ነው። “የት ነው የሚሠራው?” ቤት። “የት ነው የምትተኙት?” እዚያው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና እኔን አየችኝ። “ወይ እሷ ከክፍሉ ትውጣ፣ ወይ የሸማ ዕቃው ይውጣ” አለችኝ። የጥጥ ብናኝ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አጠገቤ ተኝታ የማገችው እሱን ነው ለካ። እኔን ምንም አላለኝም፣ እሷን ያዛት። ወይ ነዶ!

አሁን የሸማኔ ማኅበራችን ላይኛው በኩል የመሥሪያ ሼድ አግኝቷል። ለእኔም ቦታ ተይዟል። እስከ ኅዳር 30 ዕቃዬን ካላስገባሁ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ዕቃዬን ነቅዬ ዛሬውኑ በሄድኩ ነበር። ግን አባትሽ፣ ጋሼ፣ ከማረፋቸው በፊት በእድራችን ዳኛ በአቶ ስብሐት ፊት ያሉትን አልረሳሽም። “ቤቱ የልጄ የሊድያ ነው። የሽመና ጉድጓዱ ያለበት የኋላው ክፍል ግን ሸማ እስከተሠራበት ድረስ የጢሞቴዎስ ነው።” አቶ ስብሐት ጻፉት። አንቺም ለቀብሩ መጥተሽ ፈረምሽበት።

ጋሼ ይህን ያሉት እኔን ለመጥቀም ነው። ሸማኔ ጉድጓዱን ጥሎ ይሄዳል ብለው አላሰቡም። እንግዲህ እኔ ሼድ ከገባሁ በዚህ ክፍል ሸማ አይሠራም። ሸማ ካልተሠራ ክፍሉ የማን ነው? ከዚህ ከወጣን ደግሞ በዛሬው ኪራይ የት እንደምንገባ አንድዬ ይወቀው።

የምለምንሽ አንድ መስመር ነው። “ጢሞቴዎስ ሼድ ቢገባም ክፍሉ የእሱና የማሚቴ ነው” ብለሽ ፈርመሽ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ወንድምሽ ጢሞቴዎስ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጢሞ፣

ሰላሙን እንደ ወንዝ የሚያፈስስ አምላክ ቤታችሁን ይጎብኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ደብዳቤህን ሳነበው አለቀስኩ፤ ከዚያ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። እዚህ ሰው ሲታመም የሚጠይቀው የለም፤ እናንተ በዚህ እንኳ ታድላችኋል።

ማሚቴዬን ሳምልኝ። ዝንጅብል በማር ትጠጣ።

አሁን የሚገርምህን ልንገርህ። አንተ ሳታውቀው የጠየቅከኝ የራሴን ሙያ ነው! መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የእኔ ሥራ ሰው ከቤቱ ሆኖ ቢሠራ ይሻለዋል ወይስ ቢሮ ቢመጣ ብሎ ማማከር ነው። ሰዎች በስሜት ይወስኑና በኋላ ይጸጸታሉ። አንተ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ከቤትህ የምትሠራ ሰው ነህ። እዚህ ስንቱ የሚመኘውን ነገር ይዘህ ልትጥለው ትቸኩላለህ። ስለዚህ ለሠራተኞቻችን የምንሰጠውን መጠይቅ ተቀምጬ ወደ አማርኛ መለስኩልህ። ከዚህ ጋር አለ። ረጋ ብለህ፣ ከራስህ ጋር ሆነህ መልስ። መልሱን ራስህ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ስለዚያ ፊርማ ነገር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ቅር ብሎኛል። እኔና አንተ በአንድ ትሪ የበላን ነን። በእኛ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?

የአባባ የሽመና መወርወሪያ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በኮምፒውተር ስብሰባ ስናደርግ ሁሉም ስለሱ ይጠይቁኛል። “አባቴ ሸማኔ ነበር” ስላቸው እንዴት እንደሚወዱት!

እህትህ ሊድያ


ሽሮ ሜዳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሊድያ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። ዝንጅብሉን ከማሩ ጋር ካንቺ ደብዳቤ በፊት ጀምራዋለች። ሳሉ አልሰማም።

መጠይቅሽን ሞልቻለሁ። ማሚቴ እያነበበችልኝ፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ እየመለስኩ። እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

“ለሥራ ብቻ የተለየ ክፍል አለህ ወይ?” ይላል። አንድ ክፍል አለን። ግማሹ ጉድጓድ ነው፣ ግማሹ አልጋ ነው። ከሥራ ስወጣ አልጋ ላይ ነኝ። ትራፊክ አይዘኝም። “ሥራ የምትጀምርበትና የምታቆምበት ሰዓት የታወቀ ነው ወይ?” በደንብ እንጂ! መብራት ሲመጣ እጀምራለሁ፣ ማግ ሲያልቅ አቆማለሁ። “ወንበርህ ለጀርባህ ይመቻል ወይ?” መሬት ነው የተቀመጥኩት። እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባትሽ በራሳቸው እግር ልክ ነው፤ እሳቸው ረጅም ነበሩ፣ እኔ አጭር ነኝ፣ መርገጫው ሥር ጣውላ አድርጌበት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ። ለጀርባዬ ይመቸኝ እንደሆነ እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ አመሰግናለሁ።

“ከቤት መሥራትህ ከባልደረቦችህ አርቆህ ብቸኝነት ይሰማሃል ወይ?” ሲል ማሚቴ “እኔ ባልደረባ አይደለሁም?” ብላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሩብ ሰዓት አላባራ አለ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ለብቻዬ ነው ያነበብኳቸው።

“ከቤት መሥራትህ የቤተሰብህን ጤና ይጎዳል ወይ?” እሱን ምን ብዬ ልሙላልሽ? ደብዳቤዬን እንደገና አንብቢው። መጨረሻ ላይ ደግሞ “የሚወስነው ማን ነው?” ይልና ራሴ፣ አለቃዬ፣ ቤተሰቤ፣ ሌላ ብሎ ደርድሯል። “ሌላ” የሚለው ላይ አክብቤ ስምሽን ጻፍኩበት።

እኔም አንድ ጥያቄ ልጨምርልሽ። ጋሼ ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበሩ። አንቺ ያን ጊዜም ከቤትሽ ነበር የምትሠሪው። ኮምፒውተርሽን ይዘሽ መጥተሽ አጠገባቸው ሆነሽ መሥራት አትችዪም ነበር? ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፣ ያጎረስኳቸው ማሚቴ ናት። አንቺ የደረስሽው ለፊርማው ነው። ተናደድሽ? ተናደጂ። እኔም ተናድጃለሁ።

መስመሩን መጻፍ ከከበደሽ ሌላ መንገድ አለ። የፊተኛው ክፍል ስድስት ዓመት ተቆልፎ ነው ያለው። ቁልፉን ላኪና ማሚቴ እዚያ ትተኛ። እኔ ከጉድጓዴ አልወጣም፣ ክፍሉም ክፍሌ ሆኖ ይቀራል፣ ሼዱንም ሌላ ሰው ይውሰደው። ወይ መስመሩ ወይ ቁልፉ። አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶኛል።

መወርወሪያው ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? እሱም ከቤት ነው የሚሠራው?

ጢሞቴዎስ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጢሞቴዎስ፣

የሚያጽናና ጌታ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ ዛሬ መጽናናት የሚያስፈልገው ለእኔ ነው።

ደብዳቤህ ልቤን ሰበረው። ስለ አባቴ የጻፍከውን ለማንም አላሳየሁም፤ ላንተው አፍሬ። ይቅር ብዬሃለሁ።

የፊተኛውን ክፍል ግን እንዴት አፍህ ደፈረው? የእናቴ ቁምሳጥንና አልጋ ነው ያለው። የእሷ ሽታ አለበት። የምታስል ሴት እንድታስተኛበት እንዴት እሰጥሃለሁ? ራስህን በእኔ ቦታ አድርገው።

ስለ ሼዱ ደግሞ ምን ያስጨንቅሃል? የማሚቴ ጤና ይቀድማል። ዕቃህን ይዘህ ሂድ። ወንድሜ፣ እኔ ሳንባዋን የታመመች ሴት ከቤት አውጥቼ የምጥል ሰው ነኝ? አንተ ሊድያን እንዲህ ነው የምታውቃት? ማታ ስተኛ ምን ብዬ እጸልያለሁ?

በቃ፣ ስለ ወረቀት ደግመህ አታንሳብኝ። ወረቀት ለማይተማመኑ ሰዎች ነው። ሁለት ቀን ነው የቀረህ፣ ፍጠን።

ሊድያ


ሽሮ ሜዳ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ ለሊድያ፣

ጌታ በጎደለሽ ሁሉ ይሙላልሽ። በመጀመሪያ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ማሚቴ አላየችውም ነበር። በኋላ ሲና ነገረቻትና ሁለት ቀን አላናገረችኝም። የሰው ሐዘን ላይ አፌን ከፈትኩ። አፌ እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ጋሼም “ይሄ ልጅ እጁና ምላሱ እኩል ይፈጥናሉ” ይሉ ነበር።

ኅዳር 30 ጠዋት ዕቃዬን ተሸክሜ ሼድ ገባሁ። አሥራ ስምንት ሸማኔ ነን። አንዱ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ይከፍታል፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ የሚስቱን ነገር ሲያወራ ይውላል። ራሴን ያመኛል። ምሳ በሳህን ቋጥሬ እሄዳለሁ፤ በሃምሳ ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ ማለት ነው። ጠዋት እገባለሁ፣ ሲመሽ እወጣለሁ። አንድ ሦስት ቀን በተከታታይ የቀረ ሰው ቦታው ይነጠቃል።

ግን የሚገርም ነገር ልንገርሽ። የመጀመሪያው ቀን ቤት ስገባ ማሚቴ “ሥራ እንዴት ዋለ?” አለችኝ። ደነገጥኩ። በሃያ ሦስት ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም፤ እያየችኝ ስትውል ምን ብላ ትጠይቀኛለች? ቁጭ ብዬ የሬዲዮውን ሰውዬ፣ የፉጨቱን ሰውዬ ነገርኳት። አሁን በየቀኑ ትጠብቀኛለች። የማወራላት ነገር እንዳላጣ ብዬ የሰዎቹን ጠብ በደንብ ማዳመጥ ጀምሬያለሁ።

ሳሉ እየለቀቃት ነው፣ ስሙ ይመስገን! ብናኙን ከግድግዳውም ከጣሪያውም ጠርገን፣ ኖራ ቀባን። ጉድጓዱንም ደፈንኩት። ውስጡ የተጠራቀመ ብናኝ ስለነበር እሱን አውጥቼ ቀይ አፈር ሞልቼ በእግሬ ረገጥኩት። ሲረገጥ ምን እንደተሰማኝ ተዪው። አልጋውን እዚያ ላይ ነው ያደረግነው። ባለፈው እሑድ ከሲና ጋር እስከ እጽዋት ማዕከሉ በእግሯ ወጥታ ተመለሰች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያረፈችው፤ እሱንም ዛፍ ልታይ ብላ ነው።

ይህ ሁሉ ካንቺ የተነሣ ነው። “ሊድያን እንዲህ ነው የምታውቃት?” ስትዪኝ አፍሬ ነው የተነሣሁት።

አቶ ስብሐት ግን “ከጊዜ በኋላ ሰው ይረሳል፣ መስመሯን ታምጣና መዝገቡ ላይ ትግባ” ይሉኛል። ላስቸግርሽ ብዬ አይደለም። ሲመችሽ።

ወንድምሽ ጢሞቴዎስ


ጎተንበርግ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ጢሞ፣

የትንሣኤው ጌታ በደስታ ያድርሳችሁ። የማሚቴን መዳን ስሰማ እልል አልኩ። በጸሎት ቡድናችን ሁሉ ምስጋና አቅርበናል።

እኔም ዜና አለኝ። መሥሪያ ቤቴ ከቤት የሚሠሩትን ከየትኛውም አገር መሥራት ይችላሉ ብሎ ፈቀደ። ያንን መጠይቅ ለራሴ ሞላሁት። እዚህ ያለሁበት አፓርታማ ጠባብ ነው፣ ላይኛው ፎቅ ያሉት ልጆች ሲሮጡ ይውላሉ፤ ለሥራ ብቻ የተለየ ክፍል የለኝም። ያለ እሱ ደግሞ አይሆንም፤ ሰዎችን የምመክረው እኔው ነኝ። አሰብኩ፣ ጸለይኩ። የአባቴ ቤት መጣልኝ። የፊተኛው ክፍል መኖሪያ፣ የኋላው ቢሮ። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ድምፅ አያስገባም፤ ጠዋት ብርሃን አለው። ለስብሰባ ከጀርባዬ የአባባን መወርወሪያ በተሠራበት ቤት እሰቅለዋለሁ። ጌታ መንገዱን ሁሉ እንዴት አድርጎ እንዳዘጋጀው!

ጉድጓዱን ስለደፈንክልኝ ደግሞ አመሰግንሃለሁ። ወለሉን ማስተካከል ከባድ ወጪ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ኪብሮን የሚባል ሰው ክፍሉን ሊለካ ይመጣል። ደላላም ግንበኛም ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ብትለቁልኝ ይበቃኛል። የቃል ነገር እንዳታነሳብኝ፣ በፍቅር ነው የምነግርህ። “የምጥል ሰው ነኝ ወይ?” ብዬ ጠየቅኩህ እንጂ ያልኩህ ነገር የለም፤ መልሰህ አንብበው። አባቴ ሸማ እስከተሠራበት ድረስ ነው ያለው። አሁን አይሠራበትም፤ ራስህ ጽፈህልኛል። የአባቴን ቃል ማፍረስ አልችልም።

ደግሞ ማሚቴ ተሽሏታል። የታመመች ሴት ማውጣት ሆነብኝ ብዬ ኅሊናዬ እንዳይወቅሰኝ ይህን ጠብቄ ነው የጻፍኩልህ።

የምትወድህ ሊድያ


ሽሮ ሜዳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሊድያ አጥናፉ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከዚህ በላይ ምርቃት ካፌ አልወጣልኝም፤ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ጨዋው ልጅ መጥቶ ነበር። ማሚቴ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ትፈትላለች። ሜትሩን ዘርግቶ “እማማ፣ እግርዎን አንዴ ያንሡልኝ” አላት። አነሣችለት። ለካ። ሄደ። እኔ ሲመሽ ስገባ እንደ ሁልጊዜው “ሥራ እንዴት ዋለ?” አላለችኝም። ደብዳቤሽን ይዛለች።

“ሼዱን ነገ እለቃለሁ፣ ጉድጓዱን ቆፍሬ እመለሳለሁ” አልኳት። “አንተ ከተመለስክ ቀን ሙሉ ብናኝ ነው፤ ሼዱም ተመልሶ አይገኝም” አለችኝ። “ታዲያ ሲመሽ መጥቼ አንድ ሰዓት ልሥራ” አልኳት። “ሲመሽ አብንነህ እኔ ምኑ ላይ ልተኛ?” አለችኝ። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? “ወረቀቱ ማን እንደሚሠራው ይላል?”

አልገባኝም ነበር፤ ሲገባኝ ጮህኩ። ጎረቤት ሰማ። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት ጉድጓድ ስትገባ በዕድሜዬ አላየሁም። “እብድ ነሽ” አልኳት። ነጠላዋን አደረገችና አቶ ስብሐት ቤት ሄደች፤ ተከተልኳት። መዝገቡን አውጥተው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው “አይልም” አሉ። “ሸማ እስከተሠራበት ድረስ ነው የሚለው። ቀን ቀን፣ ሰው እያየ፣ በእውነት ከተሠራ ማን ሠራው አይልም።”

አልጋውን ገፍተን፣ የረገጥኩትን አፈር በእጃችን አወጣነው። በጋሼ እግር ልክ አይደለም፤ በእሷ እግር ልክ ነው የቆፈርነው። ጣውላ አላስፈለጋትም። ዕቃውን ጣሪያው ሥር ከተሰቀለው ከጋሼ አሮጌ እንጨት አዋቀርኩት። መወርወሪያ ብቻ ጎደለን፤ የሳቸው የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ከሼድ ተዋስኩ።

እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ አስተማርኳት። እጇን ይዤ። ሃያ ሦስት ዓመት ሳየው የኖርኩትን እጅ እንዲህ ይዤው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ አንድ ሰዓት ትሠራለች፣ ብናኙ እስኪመሽ እንዲሰክን። ሲና ከትምህርት ቤቷ የአፍ መሸፈኛ ታመጣላታለች። ሐኪም ልትሆን የምትማር ልጅ እናቷን እንዲህ እያየች ትወጣለች፤ አታናግረኝም። መሸፈኛው ሲርስ ትንፋሽ ያሳጣታል፤ አውልቃ ትጥለዋለች። ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ፊትሽ ድሩ ላይ ነው። እኔ ላድናት ብዬ ሼድ የገባሁበትን ብናኝ አሁን ከአፍንጫዋ ሥር ነው የምትተነፍሰው።

ቅዳሜ የእድሩ ሽማግሌዎች ሸማ መሠራቱን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ኪብሮንም ሊቀርጽ ስልኩን ይዞ መጣ፣ አንቺ ነሽ የላክሽው። ለአንድ ቀን ብዬ ከሼድ ቀርቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ክሩ አራት ጊዜ ተበጠሰባት። አራት ጊዜ ቋጠረችው። አምስተኛው ላይ ሳሉ ያዛት። አምስት ሽማግሌ ቆሞ አንዲት ሴት እስክታስል ጠበቀ። ኪብሮን ስልኩን ዝቅ አደረገ፤ እሱ እንኳ። ስታበቃ መወርወሪያውን ወርውራ ያዘችው። አቶ ስብሐት ጎንበስ ብለው ጨርቁን ዳሰሱትና “ሸማ ነው” አሉ። እዚያው ቆመው ጻፉት።

ስለዚህ አልወጣንም። ክፍሉ ክፍላችን ነው። አሸነፍንሽ።

ባለፈው ሳምንት ቀጠሮዋ ነበር። ሐኪሟ ፎቶውን ካለፈው ጋር አስተያይታ፣ “ባልሽ ሼድ ገባ አላልሽኝም?” አለቻት። “ገብቷል” አለች ማሚቴ። “ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?” ማሚቴ ወደ እኔ አላየችም። “ሥራ ጀመርኩ” አለች።

የመጀመሪያ ሥራዋን ልኬልሻለሁ፣ አያት የምትባለው የሰፈራችን ልጅ ስዊድን ስትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች። ነጠላ ነው። ጠርዙ ይጣመማል፣ ጥለቱም እዚህና እዚያ ሳስቷል። ጥጉ ላይ የቡና ቀለም ያለው ነጥብ ታገኛለሽ። ቡና አይደለም። አጠብነው፣ አልለቀቀም። ሲና “ቆርጠን እንጣለው” አለች። ማሚቴ “ተዉት፣ የእሷ ድርሻ ነው” አለች።

ልበሺው።

ጢሞቴዎስ


ጎተንበርግ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጢሞቴዎስና ለውዷ ማሚቴ፣

የምሕረት አባት፣ የመጽናናትም ሁሉ አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን። መጪው ዓመት የጤና፣ የሰላም፣ የበረከት ዓመት ይሁንላችሁ።

ነጠላው ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው። ያቺን ነጥብ እዚህ ያለ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሙልጭ አድርጎ አስለቀቀልኝ፤ እዚህ የማያስለቅቁት ነገር የለም። ከአባባ መወርወሪያ ጎን ሰቅዬዋለሁ። በስብሰባ ላይ ሁሉም ይጠይቁኛል። “ከቤቷ የምትሠራ የአንዲት ዘመዴ ሥራ ነው” እላቸዋለሁ። ባለፈው አለቃዬ ስለ ቆራጥነት ሲናገር እሷን ምሳሌ አደረጋት።

የአቶ ስብሐትን ውሳኔ ተቀብያለሁ። ቂም የለኝም። የአባቴ ቃል ነው፤ ሸማ እስከተሠራበት ድረስ ክፍሉ የእናንተ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ አልጠይቃችሁም። መሥሪያ ቤቴ ፈቃዱን ለሦስት ዓመት አራዝሞልኛል፤ ስለዚህ ለመምጣት አልቸኩልም፣ መጠበቅ እችላለሁ። ኪብሮን ግን በየወሩ መጀመሪያ ብቅ እያለ ሰላም ይላችኋል። ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው።

ጢሞ፣ አንተ ደግሞ ማሚቴን ተክቼ እሠራለሁ ብለህ ሼዱን እንዳትለቅ። ስንት ለፍተህበት ያገኘኸው ቦታ ነው። ለሲናም ትምህርት ያስፈልጋል።

ሌላው ሁሉ ቀርቶ የሚያሳስበኝ የእሷ ነገር ነው። በየጠዋቱ በጸሎት ስማችሁን ሳልጠራ ሥራ አልጀምርም። የማሚቴ ሳል እንዴት ነው? ክረምቱ አልበረታባትም? አሁንም አንድ ሰዓት ሙሉ ትሠራለች ወይስ ቀንሳለች? ምንም ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

እህታችሁ ሊድያ